የሰባ አንድ ሴንቲ ሜትር ፍርድ

ማንም ሳይሾመኝ ዳኛ የሆንኩ ሰው ነኝ። ደመወዝ የሚከፈለኝ በማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍና ሥዕል ገጽ ላይ እንዳይጣሉ አድርጌ ለማስቀመጥ ነው። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን የምሳ ዕቃዬን በግራ፣ ደብተሬን በቀኝ አድርጌ ለችሎት እሰየማለሁ። የምዳኘው ሰው አይደለም፤ ወሬ ነው። ያውም ገና ስላልተወለደ ኮምፒውተር ወሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስመ ጥር ፋብሪካ በየሁለት ዓመቱ አዲስ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያወጣል። ከመውጣቱ በፊት ታዲያ ወራት ሙሉ ኢንተርኔቱ ይታመሳል። አንዱ "ሜሞሪው እጥፍ ሆኗል" ይላል። ሌላው "ማራገቢያው ድምፅ የለውም" ይላል። ሦስተኛው የአጎቱ ልጅ ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃ ስለሆነ በዓይኑ በብረቱ አይቷል። እኔ ይህን ሁሉ እሰበስብና ከሦስት ፍርድ አንዱን እሰጠዋለሁ፦ "እውነት"፣ "ውሸት" ወይም "ቀጠሮ"። ቀጠሮ ማለት "እኔም አላውቅም" ማለት ነው፤ ዳኛ አላውቅም ማለት ስለማያምርበት ቀጠሮ ይላል።

ዐቃቤ ሕጉ የማተሚያ ቤቱ ጥገና ሠራተኛ ነው። ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሶኬት ነው የምንለው። ማሽን ይቁም፣ አምፖል ይጥፋ፣ ሰው ይታመም፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሶኬቱ ተሰክቷል ወይ?" ብሎ ነው። ሶኬት ማንንም አያምንም። እኔ ደግሞ ደስ ያለኝን ሁሉ አምናለሁ። ጥሩ ችሎት ነበረን።

ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥታ ፍርዶቼን አንድ በአንድ ደመረቻቸው። "ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፍርድ የተሳካልህ ሰባ ዘጠኙ ነው" አለችኝ። "ሳንቲም እየወረወርክ ብትፈርድ ይሻልህ ነበር፣ ክቡር ዳኛ።"

"ቀጠሮዎቹንስ ቆጥረሻቸዋል?"

"እንዴታ! ከስህተቱ ጋር ነው የደመርኳቸው።"

ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ያኔ ብሰማት ኖሮ ይህን ታሪክ አላወራም ነበር።

አሁን ወደ አማቴ፣ ወደ ባለቤቴ እናት፣ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የእሳቸው ነውና። አማቴ በዚያው ማተሚያ ቤት፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የጽሑፍ አራሚ ናቸው። እዚያ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። "ሥራ ያስገባሁህ እኔ ነኝ፤ ቤቴ የገባኸው ራስህ ነህ" ይሉኛል፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሲያርሙ ኖረዋል። ከ"ሀ" ተነሥተው "ጠ" ላይ ደርሰዋል። ጡረታቸው ሊደርስ አሥራ አራት ወር ቀርቷል፤ ከዚያ በፊት "ፐ"ን ዘግተው መውጣት ነው ምኞታቸው። ሌላ ምኞት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ለልጃቸው እንኳ የተሻለ ባል አልተመኙም፤ ወይም ተመኝተው አልነገሩኝም።

ችግሩ ዓይናቸው ነው። "ደ"ን ከ"ጀ" ለመለየት አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ይጠጋሉ። ስክሪናቸው ደግሞ የእጅ መሐረብ ታክላለች። በቀን ሃያ ገጽ የሚያርሙ የነበሩት ሴትዮ ወደ ዘጠኝ ገጽ ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተው በትሕትና ነገሯቸው፦ ሥራው ካልፈጠነ መዝገበ ቃላቱ ለሌላ አራሚ ይሰጣል፣ እሳቸውም ቀሪዋን ጊዜ መጋዘን ቁጭ ብለው ወረቀት ሲገባ ሲወጣ ይመዘግባሉ።

ደግነቱ በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛው የሚያስፈልገውን ዕቃ በቅጽ ይጠይቃል። አማቴ ቅጹን ሞሉ፤ በገበያ ላይ ካለው ኮምፒውተር ሃያ አራት ኢንች ስክሪን ያለውን። የሚያስገቡበት ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅጹን ይዘው ወደ እኔ መጡ። "አንተ ይህን ነገር ታውቀዋለህ ይባላል፤ ደህና ነው?" አሉኝ።

አማት እንዲህ ብላ ስትጠይቅ ሰው ምን ይሆናል? አበጥኩ። "እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ" አልኩ፣ ሐኪም ይመስል።

በማግስቱ ሶኬት አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ከፋብሪካው ሾልኮ የወጣ ነው የተባለ፣ በሦስት ቋንቋ የተገለባበጠ ወሬ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ሠላሳ ሁለት ኢንች ስክሪን ይኖረዋል፤ ወርዱ ሰባ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስክሪኑ ዞሮ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከጎኑ ደግሞ እንደ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞር ነገር አለው፣ ሲያዞሩት ፊደሉ ይተልቃል። አማቴ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የእኛን ችሎት "የሥራ ፈቶች ማኅበር" ነበር የሚሉት፤ ያን ቀን ግን ገብተው ወንበር ሳቡ።

"ውሸት ነው" አለ ሶኬት። "ማን ነው ለኮምፒውተር የራዲዮ ቁልፍ የሚገጥም?"

"አቤት አለማወቅ!" አልኩት። "ውሸታም ምን ይዋሻል? ፍጥነት ይዋሻል፣ ሜሞሪ ይዋሻል። ጎረምሳ የሚያስደነግጥ ነገር ይዋሻል። የትኛው ውሸታም ነው ለደከመ ዓይን ተጨንቆ የሚዋሽ? ይህን የጻፈ ሰው ሥራውን ያውቃል! የአራሚን አንገት ያውቃል!"

"ሰባ አንዱስ?"

"እሱ ነው ዋናው ማስረጃ! ውሸታም ክብ ቁጥር ይወዳል። ሰባ ይል ነበር። ሰባ አንድ ያለው ለክቶ ያየ ሰው ነው።"

ይህን ስናገር የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም። ማስመሪያዬን አንሥቼ ወደ አማቴ ክፍል ሮጥኩ። ጠረጴዛቸው በግድግዳውና በመደርደሪያው መካከል ተወትፋለች። መሀሉን ለካሁት። ሰባ አንድ! አንዲት ሚሊ ሜትር አልጎደለችም፣ አልተረፈችም።

"እማማ!" ብዬ ጮህኩ። "ለእርስዎ ጠረጴዛ የተሠራ ነው እኮ!"

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያስብ ነበር። በዓለም ዳር ያለ ፋብሪካ የአማቴን ጠረጴዛ ስፋት ከየት አወቀው ይል ነበር። እኔ ግን የፈጣሪ ሥራ ነው አልኩና ደብተሬ ላይ በትልቁ "እውነት" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

አማቴ ቅጻቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። "እንግዲህ አንተ ካልክ" ብለው ሰጡኝ። "ሲወጣ የእሱን ስም ጽፈህ አስገባልኝ።" እንደዚያ አምነውኝ አያውቁም። ልጃቸውን ሲሰጡኝ እንኳ እንዲህ አላመኑኝም።

ቅጹን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ኮምፒውተሩ በአሥር ቀን ውስጥ ይወጣል ተብሎ ነበር። በአሥረኛው ቀን ፋብሪካው ሦስት ሳምንት አራዘምኩ አለ። ቅጽ የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ጠዋት ባለቤቴ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"ዛሬ አስገባላት። ያለውን ትውሰድ።"

"የሚበልጠው እየመጣ?"

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ሰምተህ አታውቅም?"

"ግዥ ክፍል ያለው ልጅ ወዳጄ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ይቀበለኛል።"

"ይቀበልሃል ያለው እሱ ነው ወይስ አንተው?"

"እኔ ነኝ፣ ግን..." አልኩና ሾልኬ ወጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙም ነበርኩ፣ ወረቀቱንም የያዝኩት እኔው ነበርኩ።

ኮምፒውተሩ የወጣ ቀን የምሳ ሰዓት ላይ ክፍሌ ሞላ። ከጥራዝ ክፍል መጡ፣ ከማሽን ክፍል እጃቸውን በቀለም እንደለወሱ መጡ። አማቴን ከፊት አስቀመጥናቸው፤ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። አንድ ሸንቃጣ ሰው ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ብዙ ፈገግ አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አሳየን። ስክሪኑ ሃያ አራት ኢንች ነው፣ እንደ ድሮው። አይዞርም። ቀጥ ብሎ አይቆምም። የሚዞር ቁልፍ ቀርቶ የሚዞር ነገር የለውም። አዲሱ ነገር ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በአምስት ቀለም መምጣቱ! አንደኛው የብርቱካን ቀለም ነው።

አማቴ ቀስ ብለው ተነሡ። "ብርቱካናማውስ ያምራል" ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ!

ወደ ግዥ ክፍል ሮጥኩ። ወዳጄ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ መለሰልኝ። "የዘንድሮው ተዘግቷል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ያድርሰን" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአማቴ ደብዳቤ ደረሳቸው፦ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ መጋዘን ተመድበዋል፣ መዝገበ ቃላቱን ለሌላ አራሚ ያስረክባሉ። ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ቀራቸው።

ሰው ሲያጠፋ ምን ያደርጋል? ሌላ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ጥራዝ ክፍል መሀል ቆሜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማልኩ። "ይህን ወሬ የወለደውን ውሸታም ፈልጌ ካላዋረድኩት የአባቴ ልጅ አይደለሁም! በአንዲት እናት ዓይን የቀለደ ሰው! ስሙን በትልቁ አትሜ በር ላይ ነው የምለጥፈው!" አንዳንዶቹ አጨበጨቡልኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጅ ነሣሁ።

ምርመራውን ሶኬት ያዘ። ሦስት የምሳ ሰዓት ፈጀበት። ወሬው የወጣበትን ገጽ ያገኛል፣ ያ ገጽ ከየት እንደወሰደው ያያል፣ ወደዚያ ይሄዳል፤ ቀኑ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ወሬውም እየለዘበ ሄደ። "ሆኗል" የነበረው "ይሆናል" ሆነ፤ "ይሆናል" የነበረው "ሳይሆን አይቀርም" ሆነ። እኔ ከኋላው ቆሜ "ያዘው! እንዳያመልጥህ!" እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ሶኬት ድንገት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ።

"ዳኛው፣ እስኪ ቁጭ በል" አለኝ።

ገጹ የፋብሪካው የደንበኞች አስተያየት መቀበያ ነው። ጽሑፉ የሁለት ዓመት ዕድሜ አለው፣ በተሰባበረ የባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ "ለተከበራችሁ የፋብሪካው ሰዎች። አማቴ አራሚ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እሳቸው ግን ሥራቸውን ይወዳሉ። በጠረጴዛቸው ላይ ያለው ቦታ ሰባ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ስክሪናችሁ ይህን ቦታ የሚሞላ ቢሆን፣ እንደ ገጽ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ ፊደል የሚያተልቅ እንደ ራዲዮ ድምፅ የሚዞር ነገር ቢኖረው፣ ቢያንስ አንዲት ሴት ትመርቃችሁ ነበር።" ከሥሩ ያለው ስም "የአራሚዋ አማች" ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን አማቴ አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ሲመቱ አይቼ፣ ምሳ ሲወጡ ጠብቄ ጠረጴዛቸውን ለክቼ እንደ ጻፍኩት አሁን ትዝ አለኝ። ጽፌ ረሳሁት። ምኞቴ አገር ለአገር ዞሮ፣ አድጎና ጎልምሶ፣ ወሬ ሆኖ ተመለሰ። እኔም "ይህን የጻፈ ሰው ሥራውን ያውቃል!" ብዬ ተቀበልኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ መሬትም ናቀችኝ መሰለኝ ዝም አለች።

"ስሙን በስንት ነጥብ መጠን ባለው ፊደል ነው የምናትመው?" አለ ሶኬት።

"አንድ ቀን ስጠኝ" አልኩት። "መጀመሪያ ለእሳቸው ልንገር።"

አማቴ የሚኖሩት ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ከሥራ መልስ ከባለቤቴ ጋር ወጣን። አማቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ያረሟቸውን ገጾች ለማስረከብ በገመድ እያሰሩ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ "አንብብልኝ፣ የጻፍከውን" አሉኝ። አነበብኩላቸው። ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

"ጠረጴዛዬን በምን ለካኸው?"

"በማስመሪያ፣ እማማ።"

"የሥራ አስኪያጁ በር ከጠረጴዛህ ስንት እርምጃ ነው?"

"ስምንት።"

"ይህችን ወረቀት ባሕር አሻግረህ ለማያውቁህ ሰዎች ጻፍክ። ስምንት እርምጃ ሄደህ ለእሱ ብትሰጠውስ ኖሮ?" ድምፃቸው አልጨመረም፤ ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። "እኔስ ኩራቴ ይዞኝ ነው። ዓይኔ ደከመ ብዬ በር ማንኳኳት ሞቴ ነው። አንተን ምን ያዘህ?"

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ ትቀልድብኛለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እሷም መልሱን እየጠበቀች ነበር። ምን እንደያዘኝ አሁንም አላውቅም። ስለ ሩቅ ነገር መፍረድ ይቀልላል መሰለኝ፤ በሩን ያንኳኳ ሰው እምቢ ሊባል ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ጽሑፍ በወረቀት ገለበጥኩ። "ለተከበራችሁ የፋብሪካው ሰዎች" የሚለውን ሰርዤ "ለሥራ አስኪያጁ" አልኩ፤ ሌላውን አልነካሁም። ስምንቱን እርምጃ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"እኔ እኮ በቃቸው ብዬ ነው" አሉ። "የሁሉም ቅጽ መጥቶ የእሳቸው ሲቀር፣ ደከማቸው፣ መናገር ከብዷቸው ነው ብዬ ነው። ያዘንኩላቸው መስሎኝ ነው መጋዘን የመደብኳቸው፤ ፀጥ ያለ ነው፣ ወንበሩም ጥሩ ነው።"

"ቅጹ እኔ ጋ ነው ያለው። መሳቢያ ውስጥ።"

"ለምን?"

"ወሬ ሰምቼ።"

"የማንን ወሬ?"

"የራሴን" አልኩ።

ከዚያ ተነሥተው የስብሰባ አዳራሹን ከፈቱ። ግድግዳው ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ከማለት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። "መዝገበ ቃላቱ እስኪያልቅ ይውሰዱት" አሉ። "እንግዳ ሲመጣ በአፋችን እንቀበላለን።" ደብዳቤውንም ሻሩት።

ስክሪኑ ከሰባ አንድ ሴንቲ ሜትር በጣም ይበልጣል። ሶኬት መደርደሪያውን በመጋዝ ቆርጦ አስገባው፣ ሰካው፣ አበራው። ፊደሎቹ ጣት ጣት አክለው ወጡ። አማቴ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ፤ እንደ ሰው ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ካየኋቸው ስንት ጊዜዬ! "ጠ"ን ቀጠሉ፤ አንድ ገጽ በጥቂት ደቂቃ ጨረሱ። ደረቴን ነፋሁ። ይቅርታ ተደረገልኝ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ እጃቸው ቆመ። "እስኪ ያለፉትን ክፈትልኝ፤ 'ገ'ን" አሉኝ።

ከፈትኩላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጀምረው ዓምና የጨረሱት ነው። አሥር መስመር አነበቡ፤ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ ሌላ። በአንድ ገጽ ላይ ሰባት ስህተት ቆጠርኩ።

"ይህን እኔ ነኝ ያሳለፍኩት?" አሉ።

መዝገበ ቃላቱ የሚታተመው ሁሉም ሲያልቅ ስለሆነ ሊታረም ይችላል። ግን የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ማስመሪያ ይዤ መጀመሪያ በለካሁበት ቀንና በዛሬው ቀን መካከል ያለው ሁሉ ነው። ዓይናቸው ውሃ ሞላ፤ ያኔ ከድካም እንዳልሆነ አወቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ። "ሶኬትን ጥራው" አሉኝ። "አንተም ወንበር ሳብ። ከዛሬ ጀምሮ የምሳ ሰዓታችሁ የእኔ ነው። እኔ ሳነብ እናንተ ዋናውን ጽሑፍ ይዛችሁ እያመሳከራችሁ ትከተሉኛላችሁ።"

ወንበር ሳብኩ። ሶኬትም መጣ። እንደገና ከ"ገ" መጀመሪያ ተነሣን። ትንሽ ቆይቼ አላስቻለኝም። "እማማ፣ ጡረታዎ ሳይደርስ እንጨርሰው ይሆን?" አልኳቸው።

"አንተ አፍህን ከዘጋህ" አሉና ወደ ሁለተኛው መስመር ወረዱ።